የፍሪጌቷ ምግብ አብሳይ

እናቴ «ዛሬ የአባትሽን መርከብ ሰው አገኘሁ» ብላ ወደ ቤት የገባች ዕለት፣ ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። እኔ እንዲህ ነኝ። ሰው ሲስቅ ለምን ሳቀ እላለሁ። ለዓመታት እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨርና ኦሮራ ውስጥ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያን ስንከባከብ፣ በስልክ የሚያታልል፣ በር አንኳኩቶ የሚያታልል፣ ጸሎት አደርግልሻለሁ ብሎ የሚያታልል አይቻለሁ። ባለፈው ክረምትም አንዱ «ከመንግሥት ነው የምደውለው» ብሎ እናቴን በአስተርጓሚ ሲያስፈራራት፣ ስልኩን ከእጇ ቀምቼ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ የመርከቡ ሰው ሲባል ጆሮዬ ቆመ።

ኦሮራ ውስጥ ያሉ እናቶቻችን ቀን ቀን የአረጋውያን መዋያ ይውላሉ። ጠዋት ቫን ይመጣና ከየአፓርታማው ይለቅማቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ መልሶ ያደርሳቸዋል። ሰውየው የዚያ ቫን አዲስ ሹፌር ነበር። የእናቴን ቀበቶ ሲያስርላት ወሬ አንሥተው ባሕር ኃይል ላይ ደረሱ። እሷም ባሏ ፍሪጌት የምትባለው የጦር መርከብ ላይ እንደነበር ነገረችው። እሱ ቀበቶውን ይዞ እንደ ቆመ «እኔም እዚያው ነበርኩ» አላት።

«የአባቴን ስም አንቺ ነሽ የነገርሽው ወይስ እሱ ነው የነገረሽ?» አልኳት።

«እኔ ነኛ! ሳልነግረው ከየት ያውቃል?»

«በይ እንግዲህ፣ መርከቡንም አንቺው ነግረሽው ነው» አልኩና ወደ ማድቤት ገባሁ።

የእናቴን ነገር ሳላስረዳ ማለፍ አልችልም። አባቴ የፍሪጌቷ የሞተር ክፍል ሰው ነበር። ከምጽዋ እናቴንና እኔን ወደ አዲስ አበባ ላከንና እሱ ከመርከቧ ጋር ቀረ። ምጽዋ ስትያዝ መርከቧ ወደ ዳህላክ ደሴቶች ሄደች አሉ። መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ባሕሩን አቋርጣ ወደ የመን ተሻገረች አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ አባቴ የሚባለው ሁሉ የተለያየ ሆነ። የመን መጠለያ ውስጥ አየነው ያለ ነበር፤ ጂቡቲ ሻይ ቤት ከፍቷል ያለም ነበር። ሞተ ብሎ በራችን ላይ የቆመ ግን አንድም ሰው አልነበረም። መርዶ ሳይነገር ደግሞ አይለቀስም። እናቴ ጥቁር አልለበሰችም፣ ተዝካር አላወጣችም። እዚህ አገር ክሊኒክ ስትሄድ «ባልዎ ሞቷል?» ሲሏት «ማን ነገራችሁ?» ብላ ትቆጣቸዋለች። ዕድሜዋ ገፍቶ፣ ልቧ ደክሞ፣ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወይ ይምጣ ወይ ይለቀስ። በዚህ የሚቀልድባት ሰው ቢመጣ የሚገድላት መሰለኝ።

ሰውየው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምጣት ጀመረ። ከእናቴ በዕድሜ ያንሳል፤ እሷ «አንተ» ትለዋለች፣ እሱ «እትዬ» ይላታል። እኔ በፊቱ «እርስዎ» እላለሁ፤ በልቤ ግን ማዕረግ አልሰጠሁትም። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጃኬቱን አንድም ቀን አያወልቅም። በጣም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው፤ ቤታችን ውስጥ እህል አይቀምስም። እናቴ ዶሮ ሠራች፣ «ጠግቤያለሁ» አለ። ጾም ሲገባ ሽሮ ሠራች፣ «ሆዴን ትንሽ አሞኛል» አለ። ዳቦ እንኳ ቢቆረስለት «ውኃ ይበቃኛል» ይላል። ውኃውን ግን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጠብታ ሳያስቀር ይጠጣል።

«እጄን ተጠይፎት ነው» አለች እናቴ አንድ ቀን ከሄደ በኋላ። «ደግሞ እኮ ምግብ አብሳይ ነበርኩ ይላል!»

መርከቧ ላይ ሥራው ያ ነበር፤ ወጥ ቤት። እኔ እንደሆንኩ ይህንንም ጠረጠርኩት። መድፈኛ ነኝ ቢል መድፍ ይጠየቃል፤ ሬዲዮ ነኝ ቢል ሬዲዮ ይጠየቃል። ሽንኩርት እከትፍ ነበር የሚልን ሰው በምን ታጣራዋለህ?

ቢሆንም ሞከርኩ። በዚያ ሰሞን ዴንቨር፣ ሴንትራል ፓርክ አካባቢ፣ ድሮ የአውሮፕላን ማረፊያ በነበረው ሰፈር፣ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት እጠብቅ ነበር። እሷ ከምሳ በኋላ ስትተኛ እኔ ስልኬ ላይ የፍሪጌቷን ታሪክ እፈልጋለሁ። ሶቪየቶች ሰጡን፤ ቀይ ባሕር ላይ አገለገለች፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ የመን ሸሸች። የአንድ ሙሉ የጦር መርከብ ዕድሜ፣ የአባቴም ወጣትነት አብሮ፣ በአውራ ጣቴ አንድ ጊዜ ገፋ ሳደርገው አለቀ። ከሥሩ የቀረው የርዝመትና የክብደት ነገር ነው። እሱን በቃሌ ያዝኩና እሑድ ጠበቅኩት።

«መድፎቿ ስንት ነበሩ?» አልኩት ውኃውን እያቀበልኩ።

«ከፊትም ነበራት፣ ከኋላም ነበራት» አለ። «ሲተኮስ ድስቴ ይገለበጥብኝ ስለነበር ከዚያ በላይ ልወዳቸው አልቻልኩም።»

እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

እሱ የሚያውቀው የፍሪጌቷ ታሪክ ስልኬ ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። መርከቧ የመጣች ሰሞን አብረው የነበሩት ሩሲያውያን በርበሬ ሲቁላላ ዓይናቸው እያለቀሰ ወደ ላይ ይሮጡ እንደነበር ይናገራል። እህል የጫኑ መርከቦች አሰብ እስኪገቡ ሲያጅቡ፣ «ስንዴ እያጀብን እኛ ደረቅ ብስኩት እንበላ ነበር» ይላል። ምጽዋ ስትከበብ ከከተማ ይመጣ የነበረው እንጀራ የተቋረጠበትን ጠዋት፣ ያን ቀን ማን እንደ ተቆጣና ማን እንደ ቀለደ ጭምር ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሩዝ ነው። ዳህላክ ላይ ደግሞ ውኃ በጣሳ እየተለካ ነበር የሚታደለው፤ ሩዙንም በዚያው ነው የሚቀቅሉት። እናቴ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች።

«ከዳህላክ የተነሣን ዕለት…» ይላል በመጨረሻ። እዚያ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ብርጭቆውን ያያል፣ እኔን ያያል፣ በሩን ያያል። «እንግዲህ ልሂድ፤ ነገ ሥራ አለ» ብሎ ይነሣል። የሚቀጥለው እሑድ ከሩሲያውያኑ ይጀምርና እዚያው ዳህላክ ላይ ይቆማል። ታሪክ እዚያው ላይ የሚያቋርጥ ሰው ወይ ቀሪውን አያውቀውም፣ ወይ ሊሸጠው ነው ብዬ ደመደምኩ።

ጥያቄዎቹ ደግሞ ከዚያ የባሱ ነበሩ። አንድ ቀን ልሸኘው ስወጣ ፓርኪንጉ ላይ አቆመኝ።

«ልጄ፣ ኮሎራዶ ውስጥ የሥጋ ዘመድ አላችሁ?»

«የለንም።»

«አጎት፣ ወንድም… ወንድ የሚባል?»

«ለምን ፈለጉት?»

«እንዲሁ ነው» አለና መሬት መሬት አየ። በሌላ እሑድ ደግሞ የንስሐ አባታችን ማን እንደሆኑና ቤት ይመጡ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀጥሎ «እትዬ የልባቸውን መድኃኒት አዘውትረው ይወስዳሉ? ድንጋጤ ይችላሉ?» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ «አንቺ ከሥራ ኦፍ የምትሆኚው መቼ መቼ ነው?»

ሌባ ሊገባ ያሰበውን ቤት ውሻ አለው ወይ ብሎ አይደል የሚጠይቀው? ወንድ የሌለበት ቤት፤ ልቧ የደከመ አሮጊት፤ ልጅቱ የሥራ ሺፍት ላይ የምትሆንበት ሰዓት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣልኝ? ለሥራ ባልደረባዬ ስነግራት «ምናልባት ሊያገባት ይሆናል» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናቴ እሑድ ጠዋት ከመስታወት ፊት ትንሽ ቆየት እንደምትል ያየሁት እኔ ነኝ። የሚያስፈራኝ ገንዘባችን አይደለም፤ ገንዘብም የለን። ተስፋዋን በልቶ የሚሄድ መስሎኝ ነው።

የሳቀችብኝ ባልደረባዬ ራሷ መላውን አመጣች። ሴንቴኒያል ከተማ የሚኖሩ አጎቷ የባሕር ኃይል ሰው ነበሩ። ደወልኩላቸው። የሰውየውን ስም ስነግራቸው «አላውቀውም» አሉኝ፣ ደስ አለኝ። «ዳሩ ስም ምን ይሠራል፤ መልኩን ካየሁ አልስተውም። ሁለት ጓደኞቼንም ይዤ እመጣለሁ። ዋሽቶ ከሆነ እኛ ነን የምንይዘው» አሉ። ሰውየው እናቴን ለመውሰድ በማለዳ ስለሚመጣና እሳቸውም ከዚያ በኋላ ሥራ ስላላቸው፣ ጠዋት በሩ ላይ እንጠብቀው ተባባልን። ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም።

አዲስ አበባ ሆኜ ቢሆን ይህን ስሕተት አልሠራም ነበር። እዚያ ማንም ይነግረኝ ነበር፤ ጎረቤት ትነግረኝ ነበር። እዚህ ግን ሁላችንም የምናስበው በሺፍት ነው።

ያን ጠዋት በረዶ ጥሎ ነበር። መኪናዬን እየጠረግኩ ሳለ ደረሱ። መኪና ውስጥ እንዲጠብቁ ልነግራቸው ስል ጨዋ ሰዎች ናቸውና እጅ ነሥተውኝ ቀጥ ብለው ደረጃውን ወጡ። ሦስቱም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፤ ለብርዱ ነው። ሦስቱም ዝም ብለዋል፤ ጎረቤት ላለማወክ ነው። በሩ ሲከፈት ሦስቱም ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለአክብሮት ነው። እናቴ ግን በሯን ከፍታ ያየችው ሌላ ነው። በጠዋት በር ላይ ዝም ብለው የቆሙ ሽማግሌዎችን ሠላሳ ምናምን ዓመት ስትጠብቃቸው ኖራለች።

ጩኸቷ በረዶ መጥረጊያውን ከእጄ አስጣለኝ። ደረጃውን ሮጬ ስወጣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራለች።

«ተናገሩ!» ትላቸዋለች። «ልትነግሩኝ አይደል የመጣችሁት? ተናገሩ!»

«የለም እመቤቴ፣ እኛ እንኳ…» አሉ የባልደረባዬ አጎት። ከኋላቸው የቆሙት ሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ማልቀስ ጀመሩ። እሳቸውም የራሳቸው ሰው ባሕር ላይ ቀርቶባቸው እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት።

«እማዬ፣ አይደለም! ስለ ሌላ ጉዳይ ነው!» አልኩ።

«በጠዋት? ሦስት ሽማግሌ? ስለ ሌላ ጉዳይ?»

በዚህ መሀል ቫኑ ደርሶ ቆመ። ሰውየው ከታች ጩኸቱን ሰምቶ እየተንደረደረ ወጣ። በሩ ላይ የቆሙትን ሰዎች አየ፣ እናቴን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ማን ነገራቸው?» አለኝ።

«ምኑን?»

አሁን ሳስበው ከዚህች ቃል በላይ ያፈርኩባት የለችም። ፊቱን ሳይ ገባኝ። ስለ ዘመድ፣ ስለ ንስሐ አባት፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ኦፍ ስለምሆንበት ቀን የጠየቀኝ ሁሉ አንድ ላይ ገባኝ።

«ብቻዬን እንዴት ልናገር?» አለኝ። «መርዶ ብቻውን የሚናገር ሰው አለ? ዘመድ አላችሁ ወይ ያልኩሽ አብሮኝ የሚቆም ሰው ፈልጌ ነው። አንቺ ደግሞ ሰላምታ ስሰጥሽ እንኳ ኪስሽን ትዳብሻለሽ።»

የባልደረባዬ አጎት ትኩር ብለው አዩት። «አንተ!» አሉ። «የዳህላኩ ሩዝ! ሌላ መርከብ ላይ ሆነን እየመጣን ስንት ቀን አብልተኸናል።» እንዲያ ነበር ስሙ፤ ሩዝ። ሊይዙት የመጡት ሦስት ሰዎች ግራና ቀኙን ቆሙለት፤ እሱም ያችን ሁልጊዜ የሚያቋርጣትን ዓረፍተ ነገር ቀጠለ።

«ከዳህላክ የተነሣን ዕለት ተመትተን ነበር፣ እትዬ። ሞተር ክፍሉ ጢስ ገባው። ሞተሩ ቢቆም ማናችንም አንተርፍም ነበር። እሱ ወረደ። ሞተሩ አልቆመም። እሱን ግን አቅፈን ነው ያወጣነው። የየመንን ተራራ ሳናይ ዐረፈ። በባንዲራ ገነዝነው። ከኛ መሀል ዲያቆን የነበረ ልጅ በቃሉ የቀረውን ያህል ጸለየለት። ለባሕሩ ሰጠነው።»

እናቴ ደረቷን መታች። የታች ጎረቤታችን አሜሪካዊት ደንግጣ ፖሊስ ጠራች፤ ነገሩ ሲገባት ግን ኬክ ይዛ መጣች። ወንበሩ ሁሉ ወደ መኝታ ቤት ገባ፣ ፍራሽ ተነጠፈ፣ የመዋያው እናቶች በየልጆቻቸው መኪና ደረሱ፣ ቤቱ ሞላ። እኔም አባቴን አለቀስኩት። የማስታውሰው የናፍጣ ሽታውንና ትከሻውን ብቻ ቢሆንም፣ ዕንባው ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አለቀስኩት።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሰውየው በልቤም «እሳቸው» ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ግን ዓመል መች ይለቃል? ሠልስት ዕለት ጋሼ ከጠዋት ጀምሮ ሲያስተናግዱ ዋሉ። እዝን ይቀበላሉ፣ ውኃ ያዞራሉ፣ ሰሃን ያነሣሉ። በሰው ሁሉ ፊት ምግብ ሲቀርብ ግን እሳቸው ጋ ሲደርስ «ይቅርብኝ» ይላሉ። አየኋቸው። መርዶውን ከተናገሩ ወዲያ ምን ቀረ? የደበቁን ነገር አለ ብዬ እንደገና ጥርጣሬዬ ተነሣ። አንድ ነገር ቀርቷል፤ ምናልባት አባቴ የሞተው እንዳሉት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ቀለል ሲል እነዚያ የባሕር ኃይል ሰዎች ጋሼን ከበው ስለ ፍሪጌቷ ይጠይቁ ነበር። በየት በኩል ነው የወጣችሁት? ነፋሱ ከየት ነበር? የትኛው ሞተር ነው የተመታው? ጋሼ ለግማሹ «አላስታውስም» ይላሉ። እናቴ ፍራሹ ላይ ሆና ስታዳምጥ ቆየችና በመሀል ገባች።

«በልቶ ነበር?» አለች።

ሰዎቹ ወደ እሷ ዞሩ።

«ሲወርድ ማለቴ ነው። ሆዱ ውስጥ እህል ነበረው?»

ጋሼ ይዘውት የነበረውን ሰሃን መሬት አስቀመጡት። ስለ መድፉ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ሞተሩ ያጡት ሁሉ እዚህ ላይ ተመለሰላቸው።

«አልበላም፣ እትዬ። የሞተር ክፍል ሰዎች መጨረሻ ነው የሚበሉት። ሩዝ ነበር፤ ከላዩ ጥቂት ምስር። የእሱን ድርሻ በሌላ ሰሃን ከድኜ አስቀመጥኩለት። ሲወርድ በኔ በኩል ነው ያለፈው። ‹ብላና ውረድ› አልኩት። ‹ስወጣ› አለኝ። ለባሕሩ ከሰጠነው በኋላ ማድቤት ስገባ እንደተከደነ አገኘሁት። ጣል አሉኝ፤ መጣል አቃተኝ። እኔ እሱን ሳላበላ እዚህ ቤት ገብቼ የሚስቱን እጅ እንዴት ልብላ?»

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። «ሐዘንተኛ አይነሣም፣ ተቀመጪ፣ እኛ አለን» እያሉ ሴቶቹ ሊይዟት ሞከሩ። እጃቸውን አስለቀቀችና ማድቤት ገባች። ምስር ወጥና እንጀራ በትልቁ ሰሃን አድርጋ፣ ሌላ ሰሃን ከድናበት ይዛ መጣች። ጋሼ ፊት አስቀመጠችው። ክዳኑንም ራሷ አነሣችው።

«ብላለት» አለቻቸው።

ጋሼ ታጥበው ቀረቡ። መጀመሪያ በትንሹ ይጎርሱ ነበር፤ እየቆየ እንደ ማንኛውም የራበው ሰው መብላት ያዙ። እናቴ እስኪጨርሱ አጠገባቸው ቆመች። ሰሃኑ ባዶ ሲሆን ሳትጠይቃቸው ጨመረችላቸው።